ሐኪም የመከረውን ኢሚግሬሽን ሲቀጣ

ለ፦ የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት
ግልባጭ፦ ለሜሪላንድ የካናቢስ አስተዳደር፤ ለዋሽንግተን ዲሲ የአልኮል መጠጦችና የካናቢስ አስተዳደር፤ በአካባቢው ለሚሠሩ የካንሰር ሐኪሞች፤ ለኮንግረስ ተወካዮቻችን
ጉዳዩ፦ ከኬሞ (ከካንሰር መድኃኒት) በኋላ ለሚመጣ የነርቭ ህመም በሐኪም ምክር ካናቢስ (ማሪዋና) ሊወስዱ የሚችሉ የግሪን ካርድ ባለቤቶችን ይመለከታል

ክቡራን፣

እንግሊዝኛውን ለብቻው እልክላችኋለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት ነገሩ የሚነካቸው ሰዎች ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ዲሲ ስላሉ ነው። እነሱም አብረው እንዲያነቡት ፈልጌ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። አንድ የካንሰር ታካሚ የሚኖርበት ስቴት ፈቅዶለት፣ ሐኪሙ መክሮት፣ በስሙ የካናቢስ ታካሚ ካርድ አውጥቶ የገዛው ነገር ለምንድን ነው በእናንተ ቢሮ «መልካም ሥነ ምግባር የለውም» አስብሎ ዜግነት የሚያስከለክለው? ይህ የማይቀር ከሆነስ፣ ለምንድን ነው ሰውየው ከመግዛቱ በፊት ማንም የማይነግረው?

የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሷት ነው የመጣችው። ሥራ ይዛ፣ ቤት ተከራይታ፣ ትንሽ ቀና ስትል የጡት ካንሰር ተገኘባት። ታከመች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንሰሩ አሁን የለም። መድኃኒቱ ጥሎት የሄደው ህመም ግን አለ።

የወሰደችው ኬሞ ፓክሊታክሰል ይባላል። መጀመሪያ የእግሯ ጣቶች ደነዘዙ። ቀጥሎ ውርር ማለት፣ ከዚያ ማቃጠል፣ ከዚያ መንዘር መጣ። ሌሊት ይብስባታል። አንሶላው ሲነካት እንኳ ትነሣለች። ቀን ደግሞ ሲኒ ከእጇ ያመልጣል። የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ሰው ትጠራለች። አንድ ጊዜ እንጀራ ስትጋግር እጇ ምጣዱ ላይ አርፎ ኖሮ፣ መቃጠሏን የነገራት ሽታው ነው። መኪና መንዳት አቁማለች። እግሯ የማይሰማት ሰው ፍሬን መርገጧን በምን ታውቃለች?

ይህ እሷ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በነርቭ ክሮች ውስጥ እንደ ባቡር ሐዲድ የተዘረጉ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉ። ነርቩ የሚያስፈልገው ሁሉ ከጀርባ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚጓጓዘው በእነሱ ነው። ፓክሊታክሰል የካንሰር ሴል እንዳይራባ የሚያደርገው እነዚህን ቱቦዎች ግትር አድርጎ በማስቀረት ነው። ችግሩ ጤነኛውን ነርቭም አይምርም። ረጅሙ ነርቭ ቀድሞ ይጎዳል። ህመሙ ከእግር ጣትና ከእጅ ጣት የሚጀምረው ለዚህ ነው። ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠው ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ የራሱ አመል አለው። የወሰደው ሰው ፍሪጅ ውስጥ እጁን ሲያስገባ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ሲጎነጭ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ሲስፕላቲን፣ ቪንክሪስቲን፣ ቦርቴዞሚብም ነርቭ ይጎዳሉ። አንዳንዶቹ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ለወራት ያብሳሉ። «ኬሞው ሲያልቅ ይተወኛል» ብሎ የጠበቀ ሰው ጭራሽ ሲብስበት ይደነግጣል።

በ2014 የታተመ አንድ ግምገማ 31 ጥናቶችንና ከ4,000 በላይ ታካሚዎችን አንድ ላይ አይቷል። ኬሞ በጨረሱ በመጀመሪያው ወር ከመቶ 68ቱ የነርቭ ጉዳት ነበራቸው። ከስድስት ወር በኋላም ከመቶ 30ው አልለቀቃቸውም። እዚህ አገር የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ጥቁር ሴቶች በፓክሊታክሰል የሚደርስባቸው የነርቭ ጉዳት ከነጮቹ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ለእነሱ የትኛው የኬሞ ዓይነት እንደሚሻል ለብቻው እስከ መመርመር ተደርሷል። ስለዚህ ይህ ህመም እኛ ቤት በተለይ ይገባል ማለቴ ማጋነን አይደለም።

መድኃኒቱስ? እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ያለው ጥቂት ነው። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ለዚህ ህመም የሚመክረው አንድ መድኃኒት ብቻ ነው። ዱሎክሰቲን ይባላል። ሳይምባልታ በሚለው ስሙ ታውቁት ይሆናል። በ2013 በ231 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱን ሲያወጣ፣ ዱሎክሰቲን ከወሰዱት ከመቶ 59ኙ ህመማቸው በመጠኑም ቢሆን ቀንሷል። ባዶ ክኒን ከወሰዱትም ከመቶ 38ቱ ቀንሶላቸዋል። ይጠቅማል፣ ግን ለሁሉም አይደለም። የአክስቴን ልጅ አቅለሸለሻት፣ ምግብ አስጠላት። ሐኪሙ ወደ ጋባፔንቲን ቀየረላት። እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያስተኛታል። ሥራ ያለው ሰው እንዴት ብሎ ይወስደዋል?

ካናቢስ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ለሁለቱም ወገን መጠንቀቅ እፈልጋለሁ። በፌስቡክ «ካንሰር ያድናል» እያሉ ዘይት የሚሸጡ አሉ። ያ ውሸት ነው። ካንሰርን እንደሚያድን በሰው ላይ የተረጋገጠ ነገር የለም። በኬሞ ለሚመጣው የነርቭ ህመም ግን ጭላንጭል አለ። በካናዳ በ2014 የታተመ አነስተኛ ሙከራ በአፍ የሚረጭ የካናቢስ መድኃኒት ሞክሮ ነበር። ሙከራውን እስከ መጨረሻው ያደረሱት 16 ሰዎች ናቸው። በአማካይ ሲታይ ከባዶው ርጭት የሚለይ ውጤት አልተገኘም። አምስቱ ግን በግልጽ ተሽሏቸዋል። በ2021 ደግሞ ቴል አቪቭ ውስጥ ኦክሳሊፕላቲን የወሰዱ 513 ታካሚዎች የሕክምና መዝገብ ተመርምሮ ነበር። ካናቢስ ከወሰዱት ከመቶ 15ቱ ገደማ መካከለኛ ወይም ከባድ የነርቭ ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ካልወሰዱት ግን ከመቶ 28ቱ ገደማ ነበሩ። ይህ ወደ ኋላ ተመልሶ መዝገብ ማየት ነው። የሐኪም ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ማስረጃ ለመባል ገና ቀላል ነው። ቢሆንም ምንም ካልቀረለት ሰው ፊት ብታስቀምጡት ክብደቱ ይለያል።

የካንሰር ሐኪሞች ማኅበሩም በ2024 ባወጣው መመሪያ ሐኪሞች ስለ ካናቢስ ከታካሚዎቻቸው ጋር ሳይፈርዱ፣ በግልጽ እንዲነጋገሩ መክሯል። እኔም ከዚህ አልፌ አልሄድም። ሐኪምና ታካሚ ተነጋግረው ይሞክሩት፣ ካልረዳ ይተውት። ጣጣው ታካሚው ሲቲዝን ካልሆነ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዱሎክሰቲኑም ጋባፔንቲኑም አልሆንልሽ ሲላት፣ የምትታከምበት ክሊኒክ ያለ አንድ ባለሙያ «ካርድ አውጪና ካናቢስ ሞክሪ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሕጋዊ ነው» አላት። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ባለሙያው በቅንነት ነው የተናገረው። የተናገረውም እውነት ነው። ሜሪላንድ ለታካሚዎች መሸጥ የጀመረችው በ2017 መጨረሻ ነው። ከጁላይ 2023 ጀምሮ ደግሞ ለማንኛውም ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ተፈቅዷል። ዲሲና ቨርጂኒያም በየራሳቸው መንገድ ፈቅደዋል። ሱቆቹ በየመንገዱ ናቸው። መብራታቸው ያምራል፣ ጥበቃ አላቸው፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ። ደረሰኝ የሚሰጥ ነገር ወንጀል ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ካርዱን አወጣች። ከመግዛቷ በፊት ግን የዜግነት ማመልከቻዋን ለማስሞላት ጠበቃ ዘንድ ሄዳ፣ ነገሩን በጨዋታ መሐል አነሣችው። ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንኳን አልገዛሽ» አላት።

ይህን በአደባባይ መጻፍ የቻልኩትም እሷ ስላልገዛች ነው። የገዙትማ በምን አንደበታቸው ይጻፉ?

እናንተ የምታውቁትን ለአንባቢዎቼ ልናገር። ካናቢስ ከ1970 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው። ስቴቱ ቢፈቅድም የፌዴራሉ ሕግ አልተነሣም። ኢሚግሬሽን የሚመራው ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ነው። በኤፕሪል 2019 መሥሪያ ቤታችሁ መመሪያውን ግልጽ አደረገ። አንድ ሰው የፌዴራሉን የዕፅ ሕግ ከጣሰ፣ ድርጊቱ በስቴቱ ሕግ ወንጀል ባይሆንም፣ መልካም ሥነ ምግባር እንዳለው ላይቆጠር ይችላል። ፍርድ ቤት ሊፈርድበት አያስፈልግም። ራሱ ማመኑ ይበቃል። የሚታየው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከማመልከቻው በፊት ያሉት አምስት ዓመታት ናቸው። የሲቲዝን ባለቤት ለሆነ ሰው ሦስት ዓመት ነው። አንድ ቀዳዳ አለች። አንድ ጊዜ ብቻ የሆነና 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ማሪዋና ለራስ መያዝ ይታለፋል። ግን ታካሚ አንድ ጊዜ ገዝቶ አያቆምም። ህመሙ እስካለ ይገዛል። ቀዳዳዋ ለእሱ አልተሠራችም።

በዚያው መመሪያ የካናቢስ ሱቅ ውስጥ መሥራትም ሊያስጠይቅ ይችላል። ይህን የምጠቅሰው እግረ መንገዴን ነው፣ ግን የኛ ልጆች ገንዘብ ተቀባይም ጥበቃም ሆነው ይቀጠራሉና ይስሙት።

አሁን ቃለ መጠይቁን አስቡት። ሰውየው እጁን አንሥቶ ይምላል። የዜግነት ማመልከቻ ቅጹ ኤን-400 ሳትያዝም እንኳ የፈጸምከው ወንጀል አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኦፊሰሩ «ማሪዋና ተጠቅመህ ታውቃለህ?» ሊለው ይችላል። «አዎ፣ ሐኪም መክሮኝ ነው» ካለ፣ ያመነው ጥፋቱን ነው። «አይ» ካለ ደግሞ በመሐላ ዋሸ፣ ያ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ይህን ደብዳቤ አንብቦ «እንግዲያው ዋሽቼ እገላገላለሁ» የሚል ካለ፣ ወገኔ፣ በጭራሽ። ጠበቃ ጠይቅ።

ከዜግነቱ የሚከፋም አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አገር ቤት ጠይቆ ሲመለስ ደለስ ኤርፖርት ላይ ይጠየቃል። እዚያ የዕፅ ሕግ መጣሱን ቢያምን እንደ አዲስ ገቢ ሊታይና የመግባት መብቱ ጥያቄ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ለእናቱ ለቅሶ ሄዶ የሚመለስ ሰው ነው እንግዲህ።

የአክስቴ ልጅ ሲቲዝን መሆን የፈለገችው ለፓስፖርቱ አይደለም። እናቷን ለማምጣት ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ለወላጁ ማመልከት አይችልም፣ ሲቲዝን መሆን አለበት። ስለዚህ ምርጫዋ እንዲህ ሆነ፦ ወይ ሌሊት መተኛት ወይ እናቷን ማምጣት። እናቷን መረጠች። እኔም ብሆን ያንኑ እመርጥ ነበር። ግን ይህን ምርጫ ፊቷ ላይ ያስቀመጠ ሕግ ምን ተጠቀመ? ማንን ከማን ጠበቀ?

ነገሩ ይበልጥ የሚያናድደው ቀጥሎ ያለው ነው። በካናቢስ ውስጥ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። ድሮናቢኖል ያው ቲኤችሲ ነው፣ በላቦራቶሪ የተሠራ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1985 አጽድቆታል። ማሪኖል በሚል ስም ኬሞ ለሚያስመልሳቸው ሰዎች ይታዘዛል። በዚያው ዓመት ናቢሎን የሚባል ተመሳሳይም ጸድቋል። ማሪኖልን በሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ የገዛ ስደተኛ ቢሯችሁ ውስጥ ምንም አይደርስበትም። ያንኑ ቲኤችሲ ከካናቢስ ሱቅ ከገዛው ግን ሥነ ምግባሩ ይጠየቃል። ልዩነቱ ሰውየው ላይ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ነው። አንዱ ማዘዣ ነው፣ ሌላው የሐኪም ምክር ብቻ ነው።

ማዘዣ ያልሆነው ደግሞ በታካሚው ጥፋት አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ ሐኪም ካናቢስን እንዳያዝ ይከለክላል። ስለዚህ ስቴቶቹ «ታካሚው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ» የሚል ማረጋገጫ ፈጠሩ። መንግሥት ከመንግሥት ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ዕዳው የታመመው ሰው ላይ ወደቀ።

የፌዴራሉ ሕግ ዕፆችን በመደብ በመደብ ይለያል፣ አንደኛው ከሁሉ ጥብቅ ነው። «ካናቢስ ወደ ሦስተኛው መደብ ሊወርድ ነው፣ ያኔ ይፈታል» የሚሉ አሉ። የጤና ሚኒስቴሩ በ2023 ይህን መክሯል። የፍትሕ ሚኒስቴሩም በሜይ 2024 የደንብ ሐሳብ አቅርቧል። እኔ ግን በዚህ አልጽናናም። ማሪኖል ራሱ ሦስተኛው መደብ ውስጥ ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ ስንተኛ መደብ ነው ብሎ አይጠይቅም። ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ መሆኑ ይበቃዋል። ያለ ማዘዣ ከሱቅ የተገዛ እስከሆነ ድረስ፣ መደቡ ቢወርድም ለአክስቴ ልጅ የሚለወጥላት ነገር የለም።

በኦክቶበር 2022 ፕሬዚዳንት ባይደን ማሪዋና በመያዝ ብቻ የተከሰሱትን በፌዴራል ደረጃ ይቅር ሲሉ፣ ግሪን ካርድ ያላቸውንም ጨምረው ነበር። ጥሩ ነው። ግን ይቅርታው ላለፈ ነው። ነገ ለሚያመው ሰው አይሠራም።

ኮንግረስ መፍትሔ አያውቅም ማለት አይደለም። በዲሴምበር 2014 የፍትሕ ሚኒስቴሩ በጀቱን ተጠቅሞ የስቴቶችን የሕክምና ካናቢስ ፕሮግራም እንዳያደናቅፍ የሚል አንቀጽ በበጀት ሕጉ ውስጥ አስገብቷል። የሮራባከር ማሻሻያ ይባላል። በዚህ ምክንያት የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በስቴቱ ሕግ የሚሄድን ታካሚ አሳድዶ አይከስም። እናንተ ግን በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር አይደላችሁም። በአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሥር ናችሁ። አንቀጹ አይነካችሁም። ውጤቱን ተመልከቱት፦ ሲቲዝን የሆነው ታካሚ ያንኑ ነገር ገዝቶ ሰላም ያድራል፣ አጠገቡ ኬሞ ሲወስድ የነበረው ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን አገር ሊያጣበት ይችላል።

ለሐኪሞቹ ጥቂት ልበል። በ2022 መጨረሻ የወጣ የፌዴራል ሕግ ስለ ካናቢስ ጥቅምና ጉዳት ከታካሚ ጋር መነጋገር ጥፋት እንዳልሆነ ደንግጓል። ስለዚህ ተነጋገሩ። ግን «ሕጋዊ ነው» ከማለታችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ «ሲቲዝን ካልሆንክ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር።» ሰውየውን ወረቀት አለህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁት። ያስፈራል፣ ሁለተኛ አይመጣም። ለሁሉም እኩል ንገሩና ዝም በሉ። ማሪኖል ለዚህ የነርቭ ህመም የጸደቀ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ኢንሹራንስም ላይከፍል ይችላል። ቢሆንም ሐኪም ካመነበት ማዘዝ ይችላል። ቢያንስ ለሲቲዝን ላልሆነው ሰው ያ መንገድ መኖሩን አስታውሱት። ዱሎክሰቲን ያልተመቸውን ሰውም መጠኑን ቀስ አድርጋችሁ ሳትሞክሩለት ወደ ካርድ አትላኩት። የሕመምተኛው እግር መደንዘዝ ሲጀምር በየዙሩ ጠይቁት። የኛ ሰው ካልተጠየቀ አይናገርም። «ኬሞውን ያቋርጡብኛል» ብሎ ይፈራል፣ አንዳንዱም ሕይወቴን ካዳኑኝ በኋላ ስለ እግር ማማረር ውለታ ቢስነት ይመስለዋል።

ለሜሪላንድና ለዲሲ የካናቢስ አስተዳደሮች፦ አንድ ታካሚ ሲመዘገብ፣ ከመፈረሙ በፊት፣ የኢሚግሬሽኑ አደጋ ጎልቶ ይታየው። ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል አይሁን። ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ በአማርኛ ጻፉልን ማለት ልመና አይደለም።

ለወገኖቼም ጥቂት አለኝ። እኛ ዘንድ ነገሩ «ሐሺሽ» ነው፣ አበቃ። የታመመች እናት ለልጆቿ እንኳ ሳትነግር የጎረቤት ልጅ ያመጣላትን ዘይት ምላሷ ሥር ታንጠባጥባለች። ምን ያህል ቲኤችሲ እንዳለው አታውቅም። ከሌሎች መድኃኒቶቿ ጋር ይስማማ እንደሆነ የጠየቀላት የለም። እግሩ የደነዘዘ ሰው ላይ የሚያዞር ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ይወድቃል፣ ዳሌው ይሰበራል። ሐኪማችሁ ይወቅ። ሐኪም ጋ የተነገረ ነገር ከኢሚግሬሽን ቅጽ የተለየ ነው።

ትራክ የምትነዱ፦ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ የዕፅ ምርመራ የስቴት ካርድ አይቀበልም። ከሜሪላንድ ገዝታችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ መግባትም የስቴት ድንበር ማሻገር ነው፣ ያም በፌዴራሉ ሕግ ክልክል ነው። ወላጆቻችሁ መንግሥት በሚደጉመው አፓርታማ የሚኖሩ ከሆነ፣ የቤቶች ሕጉም የሚከተለው ካናቢስን የሚከለክለውን የፌዴራሉን ሕግ ነው። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ደግሞ በሻንጣ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። «ለካንሰር በሽተኛ ነው» የሚል ማብራሪያ ቦሌ ላይ አያድናችሁም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስከስሳል።

ወደ እናንተ ልመለስ። «ሕጉን ያወጣው ኮንግረስ ነው፣ እኛ አስፈጻሚ ነን» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ነው። ኮንግረስን የምንጠይቀው የ2014ቱ አንቀጽ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴርንም እንዲጨምር ነው። አንድ መስመር ነው። የአካባቢያችን ተወካዮች በምርጫ ሰሞን ቡና ጠጥተው፣ ነጠላ ለብሰው ፎቶ ሲነሡ አይተናል። ይህን መስመር ያስገቡልን።

በእናንተ እጅ ያለውም ግን ጥቂት አይደለም። መመሪያውን በ2019 ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ ልታሻሽሉትም ትችላላችሁ። ኦፊሰሮቻችሁ በስቴት የተመዘገበና በሐኪም የተረጋገጠ ታካሚን ስለ ካናቢስ እየቆፈሩ እንዳይጠይቁ ማዘዝ ትችላላችሁ። የሰውን አጠቃላይ ኑሮ የማየት ልምድ አላችሁ፣ ግብር መክፈሉን፣ ልጅ ማሳደጉን፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ማገልገሉን ታያላችሁ። የካንሰር ሕክምና መዝገቡንም እዚያው አጠገቡ አስቀምጡት። ይህንንም አናደርግም የምትሉ ከሆነ፣ ቢያንስ አደጋውን በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ድረ ገጻችሁ ላይ አውጡት። ሰው ሳያውቅ አይቀጣ።

የአክስቴ ልጅ ማመልከቻዋን አስገብታለች። አሻራ ሰጥታለች። ቀጠሮ እየጠበቀች ነው። ዱሎክሰቲኑን በግማሽ መጠን እንደገና ጀምራለች፤ ትንሽ ይሻላል ትላለች።

መልሳችሁን በጽሑፍ ብትልኩልን ተርጉመን ለሁሉም እናዳርሳለን።

ከሰላምታ ጋር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ